«ዕድሜ ነው» የሚለው መልስ ምን ያህል መልስ ነው?

አንድ ሰው የወዳጁ ስም አፉ ላይ እያለ ሲጠፋበት «ዕድሜ ነው» ይላል። ልጁ በሩን በኃይል ዘግቶ ሲወጣ አባት «ዕድሜው ነው፣ ያልፍለታል» ብሎ ራሱን ያጽናናል። የሃምሳ ዓመት ሴት አዲስ ሙያ ልትማር ስትነሣ ደግሞ «በዚህ ዕድሜ?» ትባላለች። ሦስቱ ጉዳዮች አይገናኙም፤ የተሰጣቸው መልስ ግን አንድ ነው። መልሱ ከተሰጠ በኋላም ሌላ ጥያቄ የሚያነሣ የለም።

በጭውውት መሐል ይህ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ያው መልስ የጥናት ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው። «በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታየው ልዩነት የዕድሜ ውጤት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ ሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። ቀጣሪ ይህን ይዞ ማንን እንደሚያሠለጥን ይወስናል፤ ሐኪም ይህን ይዞ የትኛው መርሳት ምርመራ እንደሚያስፈልገው ይለያል፤ ሕግ አውጪም ይህን ይዞ በልጅና በአዋቂ መካከል መስመር ያሰምራል።

ዕድሜ ግን ለብቻው የሚሠራው ሥራ የለም። ከተወለድን ወዲህ ምድር ፀሐይን ስንት ጊዜ እንደ ዞረች የሚነግረን ቁጥር ነው። መርሳትንም ሆነ ቁጣን የሚያመጡት በእነዚያ ዙሮች ውስጥ የሆኑት ነገሮች ናቸው፦ የሰውነት ለውጥ፣ የተማርነው ትምህርት፣ ያደግንበት ዘመን፣ በዙሪያችን ያሉ ሰዎች ከእኛ የሚጠብቁት፣ የቀረን የሚመስለን ጊዜ። አጥኚው «ዕድሜ» ብሎ ሲያቆም እነዚህን ሁሉ በአንድ ጆንያ ከትቶ አፉን አስሮታል። ሥራው የሚጀምረው ግን ጆንያው ሲፈታ ነው።

ጆንያውን ሳይፈቱ መደምደም ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። (ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹና ለመኮንኖቹ የአእምሮ ችሎታ ፈተና ሰጥቶ ነበር። ውጤቱ በዕድሜ ሲደረደር ወጣቶቹ ከላይ፣ በዕድሜ የገፉት ከታች ሆኑ። ዴቪድ ዌክስለር በ1939 ያወጣው ታዋቂ የአእምሮ ችሎታ መለኪያም ይህንኑ መልክ አሳየ። ስለዚህ የሰው አእምሮ በሃያዎቹ ዓመታት ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዓመታት እንደ እውነት ተያዘ።

ዋርነር ሻዪ የተባለ ተመራማሪ በ1956 በሲያትል ከተማ በጀመረው ጥናት ይህን ሐሳብ ፈተነው። እንደ ሌሎቹ ሁሉ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች ፈተና ላይ አስቀመጠ፤ ግን በዚያ አላበቃም። ከሰባት ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ፈልጎ መልሶ ፈተናቸው፤ አዳዲስ ተሳታፊዎችም ጨመረ። ከሰባት ዓመት በኋላ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና፤ ጥናቱ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። የተገኙት ሁለት ሥዕሎች አልተመሳሰሉም። ወጣቱንና አዛውንቱን በአንድ ቀን ጎን ለጎን አቁሞ ያነጻጸረው ሥዕል ቁልቁለቱን በጊዜ ያስጀምረዋል። አንድን ሰው ለዓመታት የተከተለው ሥዕል ግን አብዛኛው ችሎታ እስከ ስድሳዎቹ አካባቢ ጸንቶ እንደሚቆይ፣ አንዳንዱም በመካከለኛ ዕድሜ ከፍ እንደሚል ያሳያል። ቀደም ብሎ የሚቀንሰው በዋነኝነት የፍጥነት ጉዳይ ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በ1956 የ70 ዓመት ሰው የተወለደው በ1886 ነው፤ የ25 ዓመቱ ደግሞ በ1931። በሁለቱ መካከል ያለው 45 ዓመት የእርጅና ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤት፣ የምግብ፣ የሕክምና፣ በወረቀት ላይ ፈተና የመፈተን ልምድ ልዩነትም ነው። አዛውንቱ ያጡት ተብሎ የተመዘገበው ችሎታ ከፊሉ ቀድሞ ያልተሰጣቸው ነበር። ይህን ስጽፍ የሚያንገበግበኝ ስሕተቱ ምሁራዊ ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። «ሰው ካረጀ አይማርም» ተብለው ከሥልጠና የተገለሉ፣ ከሥራም የተሸኙ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ አለበት።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው ችግር የሒሳብ ችግር ነው፤ ቀላል ቢመስልም እስከ ዛሬ አልተፈታም። ሦስት ነገሮች አሉ፦ የሰውየው ዕድሜ፣ የተወለደበት ዓመት፣ ጥናቱ የተደረገበት ዓመት። ሁለቱን ካወቅን ሦስተኛው በራሱ ይታወቃል። በ2020 የ30 ዓመት ሰው የተወለደው በ1990 መሆኑ የግድ ነው። በዚህ የተነሣ አንዱን አስሮ ሌላውን ብቻ መፍታት አይቻልም። በ2020 ሃያ ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ከአርባ ዓመቶቹ የበለጠ ተጨንቀው ቢገኙ ሦስት መልሶች እኩል ይቆማሉ፦ ሃያ ዓመት ራሱ የጭንቀት ዕድሜ ነው፤ በ2000 የተወለዱት በተለየ ሁኔታ ያደጉ ናቸው፤ ወይም 2020 የወረርሽኝ ዓመት ነበርና ወጣቱን ይበልጥ መታው። ምንም ዓይነት የስታቲስቲክስ ብልሃት ከውጭ የመጣ ተጨማሪ ግምት ሳይወስድ ሦስቱን አይለያያቸውም።

ስለ «ጄን ዚ»፣ ማለትም ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2010ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ስለ ተወለደው ትውልድ፣ በየቀኑ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከዚህ ላይ ይወድቃል። አንድ መጠይቅ በአንድ ወር ውስጥ ተሞልቶ «ይህ ትውልድ ትዕግሥት የለውም» ይባላል። የዛሬ አርባ ዓመቶች በሃያ ዓመታቸው ያንኑ መጠይቅ ቢሞሉ ምን ይሉ እንደነበር የሚያሳይ መረጃ ከጎኑ ካልቀረበ ስለ ትውልድ የተነገረን ነገር የለም። ወጣትነት የሚባለውን ነገር አዲስ ስም ሰጥተን ይሆናል።

አልፎ አልፎ ግን ታሪክ ራሱ ለተመራማሪ መልካም አጋጣሚ ያዘጋጃል። ሰኔ 1 ቀን 1932 በስኮትላንድ በ1921 ለተወለዱ፣ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት ለተገኙ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት የአእምሮ ፈተና ተሰጠ፤ የተፈተኑት 87,498 ናቸው። መዝገቡ ተቀምጦ ቆየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢያን ዲሪና ሎውረንስ ዋሊ የተባሉ ተመራማሪዎች መዝገቡን አንሥተው ከእነዚያ ልጆች መካከል በሕይወት ያሉትን አፈላልገው፣ ዕድሜያቸው 77 ሆኖ ሳለ ያንኑ ፈተና መልሰው ሰጧቸው። በአሥራ አንድ ዓመትና በሰባ ሰባት ዓመት ውጤቶች መካከል ያለው ዝምድና (1 ቢሆን ፍጹም መግጠም፣ 0 ቢሆን አለመገናኘት ማለት ነው) 0.63 ሆነ። ስድሳ ስድስት ዓመት አልፎ ይህን ያህል መጽናቱ ያስገርማል። ነገር ግን አንዱ ውጤት የሌላውን ልዩነት ምን ያህል እንደሚገልጽ ለማወቅ ቁጥሩን በራሱ ብናባዛው ከአርባ በመቶ ጥቂት ያነሰ ይመጣል። በአዛውንቶቹ መካከል ከታየው ልዩነት አብዛኛው በልጅነት ውጤት አልተገለጸም ማለት ነው። ከፊሉ የመለኪያው ጉድለት ይሆናል፤ የቀረው ግን በመሐል በነበረው ሕይወት ውስጥ ነው፦ በሕመም፣ በትምህርት፣ በሥራ፣ በአኗኗር።

«ጫፍ» የሚባለው ነገርም አንድ አይደለም። በ2015 ጆሹዋ ሃርትሾርንና ሎራ ጀርሚን 48,537 ሰዎች በኢንተርኔት ያደረጓቸውን ፈተናዎች መርምረው ነበር። መረጃን በፍጥነት የማስተናገድ ችሎታ በአሥራ ስምንትና በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ከፍ ብሎ ይታያል። የአጭር ጊዜ ትዝታ በሃያ አምስት አካባቢ ይበረታል። የሌላውን ሰው ስሜት ከዓይኑ አንብቦ መለየት በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው ጫፍ የሚደርሰው፤ የቃላት ዕውቀት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የሚደምቅበት ዕድሜ የለም፤ ሁሉም ነገር አብሮ የሚደበዝዝበትም የለም። ይህም ቢሆን በአንድ ወቅት የተነሣ ሥዕል ነውና ከላይ ያነሣሁት ጥርጣሬ እዚህም ይሠራል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ችሎታ ነው። ስለ ምርጫና ስለ ስሜት ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። ሰው በዕድሜ ሲገፋ የሚያውቃቸው ሰዎች ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በ1961 የቀረበ አንድ ንድፈ ሐሳብ ይህን እንዲህ ተረጎመው፦ አዛውንት ከኅብረተሰቡ ቀስ እያለ ይርቃል፣ ኅብረተሰቡም ከእሱ ይርቃል፣ ይህም ተፈጥሯዊ የሞት ዝግጅት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሎራ ካርስተንሰን ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀች። ግማሽ ሰዓት ትርፍ ጊዜ ቢኖርህ ከማን ጋር ታሳልፈዋለህ፤ ከቅርብ ዘመድ፣ ያነበብከውን መጽሐፍ ከጻፈ ደራሲ፣ ወይስ ሊወዳጅህ ከሚችል አዲስ ሰው? አዛውንቶች በብዛት ዘመዳቸውን መረጡ፤ ወጣቶቹ ግን ተበታተኑ። እስከዚህ ድረስ ያው የተለመደ የዕድሜ ልዩነት ነው።

ከዚያ ጥያቄው ተለወጠ። ወጣቶቹ በቅርቡ ለብቻቸው ወደ ሩቅ አገር እንደሚሄዱ አድርገው እንዲያስቡ ሲጠየቁ እነሱም እንደ አዛውንቶቹ ዘመዳቸውን መረጡ። አዛውንቶቹ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሃያ ዓመት የሚያራዝም መድኃኒት እንደ ተገኘ እንዲያስቡ ሲደረግ ያ የጸና ምርጫቸው ላላ። የአንዳቸውም ዕድሜ በአንዲት ቀን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፊታቸው ያለ የሚመስላቸው ጊዜ ነው። ሆንግ ኮንግ በ1997 ወደ ቻይና ከመመለሷ በፊት የተደረገ ጥናትም ይህን ደገፈ። ርክክቡ ሲቃረብ፣ ብዙ ነዋሪዎች አንድ ዘመን እያበቃ ነው ብለው ሲያስቡ፣ ወጣቶቹም ወደ ቅርብ ሰዎቻቸው አዘነበሉ። ርክክቡ አልፎ ዓመት ሲሆን የወጣትና የአዛውንት ልዩነት ተመልሶ መጣ።

በዚህ ዘርፍ ካነበብኋቸው ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። አያታችን አዲስ ሰው ለመተዋወቅ አለመጓጓታቸውን ድካም ወይም መራቅ ብለን ስንተረጉም ኖረናል። ምናልባት እያደረጉ ያሉት ጊዜያቸውን ለሚወዱት ሰው ማስቀደም ነው፤ እኛም ነገ ሩቅ መንገድ ቢጠብቀን ዛሬ ማታ የምናደርገው ያንኑ ነው።

ጥናቱ የሚካሄድበት ሁኔታም የራሱን የዕድሜ ልዩነት ይፈጥራል። በ2001 በወጣ አንድ ሥራ ወጣቶችና አዛውንቶች አንድ ዓይነት ፈተና ወሰዱ። መመሪያው «ይህ የማስታወስ ችሎታ ፈተና ነው» ብሎ ሲያጎላ አዛውንቶቹ ዝቅ አሉ፤ መመሪያው ስለ ትዝታ ሳያነሣ ያንኑ ሥራ ሲሰጣቸው ልዩነቱ አልታየም። በ1993 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዓቱን ብቻ ለወጠ። ብዙ አዛውንቶች የጧት ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ወጣቶች ደግሞ የማታ። ፈተናው ከሰዓት በኋላ ሲሰጥ የታየው ሰፊ የዕድሜ ልዩነት በጧት ሲሰጥ ጠበበ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲመች ተብሎ ከሰዓት በኋላ የሚያዝ ቀጠሮ፣ ማንም ሳያስበው፣ በአዛውንቶቹ ላይ ይፈርዳል።

በዚህ በኩል ግን መጠንቀቅ ይገባል። አዛውንትነትን የሚያስታውሱ ቃላት ማንበብ ብቻ ወጣት ተማሪዎችን ቀስ ብለው እንዲራመዱ አደረገ የሚል የ1996 ጥናት ለዓመታት በየመማሪያ መጽሐፉ ተጠቀሰ። በ2012 የቤልጅየም ተመራማሪዎች የእርምጃውን ጊዜ በመሣሪያ ለክተው ሲደግሙት ውጤቱን አላገኙትም። የኅብረተሰብ አመለካከት በባሕርይ ላይ ጫና አለው ማለት አንድ ነገር ነው፤ በጥቂት ቃላት ሰው ያረጃል ማለት ሌላ። ቤካ ሌቪ በ2002 ያወጣችው ውጤትም በዚሁ ጥንቃቄ መነበብ አለበት። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ 660 ሰዎች ለ23 ዓመት ሲታዩ፣ ስለ ራሳቸው እርጅና በጎ አመለካከት የነበራቸው በአማካይ 7.5 ዓመት የበለጠ ኖሩ። ጤናና ኑሮ በስሌቱ ውስጥ ገብተዋል። ቢሆንም ያልተለካ ጤንነት ራሱ በጎ አመለካከትን አምጥቶ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ዘገባ ከሁለት ሰው አንዱ በዕድሜ ላይ የተመሠረተ አድሏዊ አመለካከት እንዳለው ገልጿል። ጉዳቱ ይህን ያህል የተስፋፋ ከሆነ ማስረጃውም የማይናወጥ እንዲሆን እመኛለሁ።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ልምጣ፤ በየፓርላማው እየተሟገቱበት ያለው የእነሱ ዕድሜ ነውና። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በትልልቅ የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች ላይ መለያ (አካውንት) እንዳይኖራቸው በ2024 ሕግ አውጥታ ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ኦስትሪያ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በ16 ዓመት ድምፅ መስጠት ፈቅዳለች። አንዱ አገር አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላውን ከስልኩ ይጠብቃል፣ ሌላው አሥራ ስድስት የሞላውን መንግሥት ያስመርጣል። ብዙ ሰው ሁለቱ የሚጋጩ ይመስለዋል። ከ11 አገሮች የተውጣጡ፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 30 የሆነ ከ5,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመ ጥናት ግን ነገሩን ያቃልለዋል። ጊዜ ተሰጥቶት፣ ረጋ ብሎ አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታ በ16 ዓመት አካባቢ ከአዋቂ ጋር ይስተካከላል። ስሜት ሲግልና ሽልማት ሲቀርብ ራስን መግታት ግን ከ18 ዓመት በኋላም ገና እየበሰለ ነው።

የጓደኛ መኖር ይህን እንዴት እንደሚያባብሰው ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 አሳይተዋል። 306 ሰዎች በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ተጫወቱ፤ ከፊሉ ብቻውን፣ ከፊሉ ሁለት እኩዮቹ እያዩት። ብቻቸውን ሲሆኑ ጎረምሶቹ ከአዋቂዎቹ ብዙም አልተለዩም። እኩዮቻቸው ባሉበት ግን አደገኛ ምርጫቸው እጥፍ ሆነ፤ በአዋቂዎቹ ላይ የጓደኛ መኖር ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ «ጎረምሳ ደፋር ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግማሹ ብቻ ነው የተነገረው። ሁለተኛው ግማሽ «ማን እያየው?» የሚለው ነው። የድምፅ መስጫ ክፍል ሰው ብቻውን የሚገባበት ነው፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ እኩያ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያይበት። ስለዚህ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ የዕድሜ መስመር መዳኘት አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። የአውስትራሊያው ሕግ ይሠራል አይሠራም የሚለው ሌላ ክርክር ነው።

ዕድሜ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ብቻ የሚፈጠርበት ጊዜም አለ። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የትምህርት ዓመት መቁረጫው ታኅሣሥ 31 ነው። በጥር የተወለደና በታኅሣሥ የተወለደ ልጅ አንድ ክፍል ይገባሉ፤ በመካከላቸው ግን ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት አለ። በ2012 የታተመ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን 937,943 ልጆች መዝገብ መረመረ። በታኅሣሥ የተወለዱ ወንዶች በጥር ከተወለዱት ይልቅ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ አለባቸው የመባል ዕድላቸው 30 በመቶ ከፍ ያለ ነበር፤ በሴቶች 70 በመቶ። መድኃኒት የመታዘዝ ልዩነቱም ከዚህ አልራቀም። የታኅሣሡ ልጅ በአንጎሉ ላይ የተለየ ነገር ላይኖርበት ይችላል። ከክፍሉ ሁሉ ትንሹ ነው፤ መምህሩ የሚመዝነው ደግሞ ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ አሥራ አንድ ወር ማለት ከኖረው ዕድሜ አንድ ስድስተኛ ገደማ መሆኑን ማን ያስብለታል? አንድ ቁጥር ወደ ሕክምና መዝገብ ገብቶ የልጅ ስም ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

መረጃው ራሱ ከየት እንደሚሰበሰብ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ዴቪድ ሲርስ በ1986 ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ስለ ሰው ልጅ የሚያውቀውን ያወቀው በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመታት ተማሪዎች መሆኑን ጽፎ ነበር። የእነዚህ ልጆች ዕድሜ ገና የራሳቸው አቋም ያልጸናበት፣ የእኩያ አስተያየት ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነው። ከእነሱ ተነሥቶ «ሰው በቀላሉ ሐሳቡን ይለውጣል» ማለት የሃያ ዓመትን ጠባይ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ማድረግ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ አዛውንቶች ከሕክምና ምርምር ሲቀሩ ኖረዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚደግፏቸው ጥናቶች በዕድሜ ምክንያት ሰው ሲያስቀሩ ምክንያቱን እንዲያስረዱ የሚያስገድደው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ2019 ነው።

የመጠይቁ ሣጥኖችስ? ከ18 እስከ 24፣ ከ25 እስከ 34 እያለ በጥንቃቄ የተከፋፈለው ዝርዝር መጨረሻው ላይ «65 እና ከዚያ በላይ» ይላል። ትናንት ጡረታ የወጣው የ66 ዓመት ሰውና የ95 ዓመት እናቱ አንድ ቡድን ይሆናሉ። ሰዎች እርስ በርስ ይበልጥ የሚለያዩት በዚያ ዕድሜ ላይ ሆኖ ሳለ ሣጥኑ ግን አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚህ በተጨማሪ ልደት በማይመዘገብበት ሥፍራ ዕድሜ የሚነገረው በግምት ነው። ዩኒሴፍ በ2019 በዓለም ላይ 166 ሚሊዮን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አለመመዝገባቸውን አስታውቋል። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ቁጥር ይናገራል፤ የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይህን ዝንባሌ የሚለኩበት የዊፕል መለኪያ የሚባል ስሌት አላቸው። የጥናት ሣጥኖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ0 ወይም በ5 ነው የሚጀምሩት። ሣጥኑ በ40 የሚጀምር ከሆነ የ38 ዓመቱ ሰው «አርባ» ሲል ወደ ላይኛው ሣጥን ይዘላል፤ የ42ቱ ግን «አርባ» ቢልም እዚያው ነው። ስሕተቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘነብላል፤ ናሙናውን ማብዛትም አያርመውም።

ለዚህ የሚሆን ወጪ የማይጠይቅ ማሻሻያ አለ። ከሣጥን ይልቅ የተወለዱበትን ዓመት መጠየቅ፣ ዓመቱ ካልታወቀ «ይህ ትልቅ ነገር ሲሆን ስንት ክፍል ነበሩ? አግብተው ነበር?» እያሉ በሚታወስ ክስተት መገመት፣ ስንት ዓመት እንደ ተማሩ፣ ጤናቸው እንዴት እንደሆነ፣ ወደፊት ምን ያህል ጊዜ ያለ እንደሚመስላቸው መጨመር፣ ፈተናው በስንት ሰዓት እንደ ተሰጠ መመዝገብ። እነዚህ ሁሉ ወደ ስሌቱ ከገቡ በኋላ «ዕድሜ» በሚለው መስመር ላይ የሚተርፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል። የሚተርፈውም ቢሆን እስካሁን ስም ያልወጣለት ሌላ ነገር ነው፤ ቀጣዩ ጥናት መጀመር ያለበትም ከእሱ ነው።